ማሽኑ የማያየው ሟች

በከተማችን ጎዳናዎች ካሜራ በበዛ ቁጥር «አደጋ በደረሰ ቅጽበት ማሽኑ ራሱ ያውቃል» የሚለው ተስፋም አብሮ እየበዛ ነው። ተስፋው ከንቱ አይደለም። ለመሆኑ ግን ማሽኑ «አደጋ» የሚለው ምኑን ነው?

የዚህ ጥበብ አንጋፋ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በሎስ አንጀለስ ፈጣን መንገዶች ላይ የተሞከረው «የካሊፎርኒያ ስሌት» ነው። የሽቦ ጥቅልሎች በየተወሰነ ርቀት አስፋልት ውስጥ ይቀበራሉ፤ ከኋላ ባለው ሽቦ ላይ መኪና ተከማችቶ ከፊት ባለው ላይ ከሳሳ፣ በመካከላቸው አንድ ነገር መንገዱን ዘግቷል ማለት ነው። ቀላልና ብልህ ሐሳብ ነው። (መሐል መንገድ ላይ ቆሞ ተሳፋሪ የሚጭነው ሚኒባሳችን በቀን ስንት ጊዜ «አደጋ» ተብሎ እንደሚመዘገብ መገመት አያዳግትም።)

ይህንኑ ስሌት ወደ ንፋስ ስልክ ላፍቶ እናምጣው። ከሳሪስ አቦ በሐና ማርያም በኩል ወደ ጀርመን አደባባይ የሚዘልቀው፣ የቻይናው ሲአርቢሲ የገነባው ቀለበት መንገድ ሰፈሮችን ለሁለት ሰንጥቆ ያልፋል። መሻገሪያ ድልድዩ የራቀበት እግረኛ የመሐሉን ኮንክሪት ዘልሎ ይሻገራል። በምሽት አንድ መኪና ገጭቶት ቢሰወርስ? የተሽከርካሪው ፍሰት እንደወትሮው ይቀጥላል፤ ሽቦውም ሰላም ነው ይላል። በአንጻሩ ሁለት መኪኖች ተነካክተው፣ ፍሬቻ ተሰብሮ፣ ትራፊክ ፖሊስ ፕላን እስኪያነሳ ድረስ መንገድ ቢዘጉ ማሽኑ ይጮኻል።

በአዲስ አበባ በትራፊክ አደጋ ከሚሞቱት አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው። እንግዲህ የመኪናን መቆም ብቻ የሚለካ ሥርዓት ብንተክል የባለመኪናውን መጉላላት እንሰማለን፤ የአብዛኛውን ሟች ሞት ግን አንሰማም። ጉዳዩን ለመሐንዲሶች ብቻ የማንተወው በዚህ ምክንያት ነው፤ መንገዱ ለማን ተሠራ የሚለው የቆየ ጥያቄ አዲስ ልብስ ለብሶ መጥቷልና።

በምስል የሚሠሩት የዛሬ መሣሪያዎች አስፋልት ላይ የወደቀን ሰው እንዲለዩ ሊሠለጥኑ ይችላሉ፤ እርግጥ የመንገድ መብራቱ ከበራ ነው። ይሁንና ካሜራው ያየውን ለማን ይነግራል? ሰሌዳ አንብቦ ቅጣት ለሚጽፈው ክፍል ብቻ ከሆነ፣ የተገጨው ሰው ከወደቀበት የሚያነሳው አያገኝም። ደወሉ አስቀድሞ መድረስ ያለበት ለቀይ መስቀል 907 እና ለእሳትና አደጋ 939 ነው።

ስለዚህ ሹማምንቱ ስንት ካሜራ እንደተተከለ ሲነግሩን ሌላ ቁጥር እንጠይቃቸው፦ ሐና ማርያም ላይ በሌሊት ለወደቀ እግረኛ አምቡላንስ በስንት ደቂቃ ደረሰለት? ይህም በየወሩና በየክፍለ ከተማው ለሕዝብ ይገለጽ።