«ከወንድም ነው የምገዛው፣ ምን ልመርምር?»

ሚኒሶታ ውስጥ በረዶው ቀልጦ ሐይቆቹ ሲከፈቱ፣ ከአምልኮ በኋላ መኪና ማቆሚያው ላይ የአባቶች ወሬ ያገለገለ ጄት ጀልባ ይሆናል። «ከወንድም ነው የምገዛው፣ ምን ልመርምር?» ሲባል ደጋግመን ሰምተናል። ይህን አባባል እንቃወማለን።

የምንቃወመው ጀልባ መግዛቱን አይደለም። ልጆችን ይዞ ሐይቅ ላይ መዋልን ዓለማዊነት የሚሉ ቅዱሳን አሉ፤ ጌታ በስምዖን ጀልባ ተቀምጦ ማስተማሩን (ሉቃስ 5፥3) አስታውሰናቸው እናልፋለን። ጠባችን መንፈሳዊ ቃላት የሻጭን ዝምታ ሲሸፍኑ ነው።

ጄት ጀልባ ከሥሩ ውሃ ስቦ ወደ ኋላ በመትፋት ይሄዳል። ብዙዎቹ ሞተራቸውንም የሚያቀዘቅዙት በዚያው በሐይቁ ውሃ ነው። ክረምት ሳይገባ ውሃው ካልወጣ በረዶ ይሆናል፣ ይሰፋል፣ የሞተሩን ብረት ይሰነጥቃል። ስንጥቁን ደግሞ ቀለም ይሸፍነዋል። ግቢ ውስጥ የአትክልት ማጠጫ ጎማ ሰክቶ ሞተሩን ማስነሳትም ብዙ አይናገርም፤ ፓምፑ ከተበላ፣ ሞተሩ እየጮኸ ጀልባው አልሄድ የሚለው ሐይቅ ላይ ነው። ይህን ሻጩ ያውቃል። አውቆ ዝም ካለ፣ ቁልፉን ሲያቀብል «ጌታ ይባርክላችሁ» ማለቱ ምን ይጠቅመናል? «ባለበት ሁኔታ ነው የሸጥኩት» የሚለው ውል ፍርድ ቤት ያድነው ይሆናል፤ ዘሌዋውያን 19፥36 ስለ እውነተኛ ሚዛን ሲያዝ ግን እንዲህ ያለ ማምለጫ አልተወለትም።

ገዢዎችም ንጹሓን አይደለንም። ዕቃውን አናንቆ ከገዛ በኋላ ዘወር ብሎ የሚመካውን ሰው ምሳሌ 20፥14 ያውቀዋል። «የወንድም ዋጋ አድርግልኝ» እያልን እናስጨንቃለን፤ ሻጩም ጉድለቱን ቢናገር ምን እንደሚጠብቀው አይቶ ዝም ይላል።

ከሁሉ የሚያስፈራን «ምላጩ ውስጥ ስለሆነ ለልጆች አደጋ የለውም» የሚለው ነው። ምላጩ ውስጥ መሆኑ እውነት ነው። መሪው ግን የሚታዘዘው ከኋላ የሚወጣው ውሃ ሲገፋ ነው። ከፊቱ ዋናተኛ ያየ አባት ደንግጦ ነዳጅ መስጫውን ሲለቅ፣ መሪውን ቢያዞርም ጀልባው ቀጥ ብሎ ወደ ዋናተኛው ይንሸራተታል። ለዚህ ማገዣ የተሠራላቸው ሞዴሎች አሉ፤ ከአሮጌዎቹ ብዙዎቹ የላቸውም። ይህን ሳይነግሩ ለአንድ ቤተሰብ ቁልፍ ማስረከብ ወንድማማችነት ነውን?

እንግዲህ ከመክፈላችሁ በፊት የጀልባ መካኒክ ኮምፕሬሽኑን ይለካ። የቤተሰቡን ያህል ሰው ጭናችሁ ሐይቅ ላይ ሞክሩት፣ ነዳጅ መስጫውን ለቃችሁም መሪውን ፈትኑት። የጀልባውና የተጎታቹ ወረቀት በማን ስም እንደሆነ እዩ። ሻጩ የሚያውቀውን ጉድለት ሁሉ ጽፎ ይፈርም። በዚህ የሚቀየም ከሆነ ጀልባውን ለእርሱ ትታችሁ እሑድ እንደ ቀድሞው ሰላም በሉት፤ ልጆቹን ለዚህ በጋ በኪራይ ጀልባ ውሰዷቸው።