ድንኳኑ ሳይተከል

ዕድራችን ለሞተው ድንኳን ይተክላል፤ ለቀስተኛውንም ያስተናግዳል፤ መልካም ነው። ነገር ግን ያው ሽማግሌ በሕይወት ሳለ ምድጃው ሳይጤስ ስንት ቀን እንደ ዋለ የጠየቅን ጥቂቶች ነን።

በ2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባና በሌሎች 10 ከተሞች የተጀመረው የከተማ ሴፍቲኔት፥ መሥራት ለሚችለው ድኻ የአካባቢ ልማት ሥራ፥ ለአረጋዊና ለአካል ጉዳተኛ ደግሞ ቀጥተኛ ድጋፍ የሚሰጥ ነበር። ተረጂውን እንዲለዩ የተመረጡትም የሰፈሩ ሰዎች ነበሩ። እንዲህ ባለው አሠራር ይሉኝታ የያዛት እናት ጎረቤት ካልመሰከረላት ስሟ ከመዝገብ ይቀራል፤ ልጆቿም ጦማቸውን ትምህርት ቤት ይውላሉ።

እንግዲህ ወገኖቻችን ሆይ፥ በዕድር ስብሰባ ስለ ድንኳንና ስለ ወንበር ብቻ አንነጋገር፤ የተቸገረውን ቤት አንሥተን፥ ስለ እርሱ ወደ ወረዳ የሚሄድ ሰው እንምረጥ። ቀባሪስ ለሁሉ አለው፤ የቸገረው ጠያቂ ነው።