ሳንባውን አክሞ ሆዱን የረሳ ሕክምና

የወላይታ ረሃብ በተነሣ ቁጥር በባለሥልጣኖቻችን ዓይነ ኅሊና የሚመጣው ሕፃን ነው። ያለ ምክንያት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2003 እና በ2008 ማሳው ለምልሞ ሰው በተራበበት በዚያ «አረንጓዴ ረሃብ» ወላይታን ዓለም ያወቃት በከሱ ሕፃናት ፎቶግራፍ ነበር። ከዚያ ወዲህ የክንድ መለኪያውና ፕላምፒ ነቱ ወደ ገጠር ወርዷል፤ በ2015 የተፈረመው የሰቆጣ ቃል ኪዳንም ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መቀንጨር እስከ 2030 ለማስቀረት ምሏል። መልካም። የዚያ ሕፃን ገንፎ በሚበስልበት ጎጆ ውስጥ ሠላሳና አርባ ዓመት ጭስ ስትውጥ የኖረችው አያቱስ የማን ናት?

ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመም ሲባል አንዳንዱ አንባቢ ሲጋራ ትዝ ይለው ይሆናል። በወላይታ ገጠር ግን ብዙዋ ሴት ሲጋራ በእጇ ሳትነካ ነው የምትታመመው። ጭስ መውጫ በሌለው የሣር ቤት እንጨቱም ቅጠሉም ኩበቱም ይነዳል። በዚህ ላይ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒቱን ጨርሶ «ድነሃል» የተባለ ሰው ሳንባው ጠባሳ ይዞ ሊቀር ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት የቤት ውስጥ ጭስ በ2020 ብቻ ወደ 3.2 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ እንደ ገደለ ይገምታል።

አሁን ወደ ነገሩ ሥር እንግባ። ጤነኛ ሰው ለመተንፈስ የሚያወጣው ጉልበት ከቁጥር አይገባም። የታመመው ሳንባ ግን ለእያንዳንዱ ትንፋሽ ይከፍላል፤ ስለዚህ በሽተኛው ተቀምጦ እንኳ ከጤነኛው የበለጠ ምግብ ያቃጥላል። ይባስ ብሎ መብላት ያደክመዋል፤ ሆዱ ሲሞላ ትንፋሹ ያጥረዋል። ያልበላ ሰውነት የራሱን ጡንቻ ይበላል፤ ከሚበላውም አንዱ መተንፈሻው ጡንቻ ነው። አክታውን ስሎ የሚያወጣበት ጉልበት ያጣል፤ ኢንፌክሽን ይከተላል፤ ተመልሶ አልጋ ይይዛል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ቆጮና ጎደሬ በሚበላበት፣ ማለትም ሆድ የሚሞላው ነገር ሳይጠፋ ፕሮቲን በሚያንስበት፣ ብዙው ገበሬ ግማሽ ሄክታር እንኳ በማያርስበት አገር ነው።

«ሕፃናቷን ያልመገበች አገር አዋቂ ልትመግብ?» የሚሉን የበጀት ሰዎች አሉ። ሒሳቡን ግን በጎደለ መዝገብ ነው የሚሠሩት። ከስቶ የተመለሰ በሽተኛ አልጋ ላይ ይቆያል፣ ኦክስጅን ይፈጃል፣ ደጋግሞም ይተኛል። የጤና መድን ደብተሩ የሕክምናውን ቢሸፍን የመኪናውን ኪራይና አስታማሚው ከእርሻ የቀረበትን ቀን አይመልስም። ላሟ ትሸጣለች፤ በላሟም የልጆቹ ወተት አብሮ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ እነዚያን ልጆች በክንድ መለኪያ ፈልገን አግኝተን ፕላምፒ ነት እንሰጣቸዋለን! ቁጠባ የተባለው ይህ ነው።

ማስረጃ አጠረ የሚባልበት ጊዜም አልፏል። በ2004 የታተመውና ሐኪሞች የበሽተኛውን ዕድሜ የሚተነብዩበት ቦዴ የተባለው መለኪያ ከአራቱ ነጥቦቹ አንዱን የሰጠው ለክብደት ነው፤ ሚዛንና ሜትር ብቻ የሚጠይቅ ነጥብ። በ2012 የወጣው የኮክሬን ግምገማም የከሱ ሕመምተኞች ተጨማሪ ምግብ ሲያገኙ ክብደታቸውና የመተንፈሻ ጡንቻቸው ጉልበት እንደሚሻሻል አሳይቷል። ምግብን በማዘዣ መስጠትም ቢሆን ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ኤች አይ ቪ በደማቸው ላለ የከሱ አዋቂዎች ሰጥተነዋል። ያኔ የተቻለው የውጭ ገንዘብ ስለነበረ ነው ከተባለም ይነገረን፤ ቢያንስ ስንፍናውን የሕክምና ዕውቀት እንዳናስመስለው።

ሶዶ ከ2023 ጀምሮ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የአስተዳደር መቀመጫ ናት፤ ሐኪም የሚያሠለጥን ዩኒቨርሲቲም አላት። ስለዚህ ጥያቄው አዲስ አበባ ድረስ መጓዝ አያስፈልገውም። ለሳል የመጣ አዋቂ ሁሉ ይመዘን፤ ክብደቱ በካርዱ ላይ ይጻፍ። ፓፍ ሲታዘዝለት ቦሎቄ፣ እንቁላልና ወተት በጥቂት በጥቂቱ፣ በቀን አምስት ስድስት ጊዜ እንዲበላ ይነገረው። የሚገዛበት የሌለው ደግሞ ለመሥራት አቅም ላጣ ሰው ሴፍቲኔት በያዘው ቀጥታ ድጋፍ ይመዝገብ፤ ፕሮግራሙ ከ2005 ጀምሮ አለ፤ የጎደለው በሽተኛውን ከቀበሌው ዝርዝር ጋር የሚያገናኝ አንድ የሐኪም ወረቀት ነው።