የኬንያ አየር መንገድ ችግር ዋና ሥራ አስፈጻሚ በመቀየር ይፈታል?

ናይሮቢ - በአውሮፓውያኑ 2025 መጨረሻ የኬንያ አየር መንገድ ዋና ሥራ አስፈጻሚ አለን ኪላቩካ ኃላፊነታቸውን ለቀው፣ ካፒቴን ጆርጅ ካማል በተጠባባቂነት ቦታውን ተረከቡ። ከ2014 ወዲህ በዚህ ወንበር ላይ የተቀመጡት ሰዎች ቁጥር በዚህ አምስት ደረሰ።

ለረጅም ጊዜ የመሩት ቲቶስ ናይኩኒ በ2014 ተሰናበቱ። የተተኩት ምቡቪ ንጉንዜ በ2016 የአብራሪዎች ማኅበር ከሥልጣን ይውረዱ ብሎ የሥራ ማቆም አድማ እስከ ማስጠንቀቅ ደረሰባቸው። ቀጥለው የመጡት ፖላንዳዊው ሴባስቲያን ሚኮሽ ኮንትራታቸው ሳያልቅ በ2019 ማብቂያ ሄዱ። ኪላቩካ ደግሞ ኃላፊነቱን በያዙ በወራት ውስጥ ኮሮናቫይረስ አውሮፕላኖቹን ከሰማይ አወረደ።

ሰው ተቀያየረ፤ ኪሳራው ግን ቀጠለ። ታዲያ ችግሩ ከመሪው ነው ወይስ ከሌላ ቦታ?

የሒሳብ መዝገቡ ምን ይላል?

የኪላቩካ የመጨረሻ ዓመታት ለዚህ ጥያቄ ጥሩ መፈተኛ ናቸው። አየር መንገዱ በ2022 ከ38 ቢሊዮን የኬንያ ሽልንግ በላይ ከሰረ። በ2023 ከዋናው የበረራ ሥራው 10.5 ቢሊዮን ሽልንግ ቢያተርፍም፣ ዓመቱን የዘጋው በ22.7 ቢሊዮን ሽልንግ ኪሳራ ነው።

ልዩነቱን በአብዛኛው የፈጠረው የምንዛሪ ተመን ነው። የአውሮፕላን ብድርና ኪራይ የሚከፈለው በዶላር በመሆኑ ሽልንግ ሲዳከም ዕዳው በአገር ውስጥ ገንዘብ ሲሰላ ያብጣል። በ2024 ሽልንግ ሲጠናከር ደግሞ ኩባንያው 5.4 ቢሊዮን አተረፈ፤ ከአሥር ዓመት በላይ ታይቶ የማይታወቅ ውጤት ነበር።

ደስታው ግን አልዘለቀም። በ2025 የመጀመሪያ ስድስት ወራት ከዘጠኙ ቦይንግ 787 ድሪምላይነሮች ሦስቱ በሞተር እጥረት መሬት ላይ ቆሙ፤ ኪሳራውም 12 ቢሊዮን ሽልንግ ገደማ ሆነ።

በእነዚህ ዓመታት ሁሉ መሪው አንድ ሰው ናቸው። በ2023 ተወቃሽ፣ በ2024 ተመስጋኝ፣ በ2025 ተሰናባች ሆኑ። የሽልንግን ተመንም ሆነ የሞተር አምራቾችን የማቅረቢያ ጊዜ የሚወስን ዋና ሥራ አስፈጻሚ ግን የለም።

የመሪ ውሳኔ ግን ይቆጠራል

ይህ መሪን ከተጠያቂነት ነጻ አያወጣም። የዛሬው ዕዳ ሥር የሚገኘው በ2012 ይፋ በሆነው 'ማዊንጉ' በተባለው የማስፋፊያ ዕቅድ ውስጥ ነው። ዕቅዱ የአውሮፕላኖቹን ቁጥር በአሥር ዓመት ውስጥ ከ100 በላይ ለማድረስ ያለመ ነበር። በ2013 የናይሮቢ አውሮፕላን ማረፊያ ቃጠሎና የዌስትጌት ጥቃት፣ በ2014 ደግሞ ኢቦላ ተከታተሉ። መንገደኛው ሲሳሳ የአዳዲሶቹ አውሮፕላኖች ዕዳ ግን ባለበት ቆየ። በ2014/15 የተመዘገበው የ25.7 ቢሊዮን ሽልንግ ኪሳራ በወቅቱ በኬንያ ኩባንያዎች ታሪክ ትልቁ ነበር።

ስለዚህ መሪው አይመጥንም የሚለው ክርክር መነሳት የነበረበት ዕቅዱ በቦርድ ሲጸድቅ ነበር። ሒሳቡ ሲመጣ የሚባረረው ብዙውን ጊዜ የቀደመውን ሰው ዕዳ የወረሰው ነው።

ተመሳሳይ ክርክር በሌላ ዘርፍ ያለፈበት ኩባንያ አለ። የጃፓኑ የቪዲዮ ጌም አምራች ኒንቴንዶ በ2014 መጀመሪያ የ'ዊ ዩ' ዓመታዊ ሽያጭ ትንበያውን ከ9 ሚሊዮን ወደ 2.8 ሚሊዮን ሲያወርድ፣ ፕሬዝዳንቱ ሳቶሩ ኢዋታ ይልቀቁ የሚል ድምፅ በረታ። ኢዋታ አልለቀቁም፤ ለአምስት ወራት ደመወዛቸውን በግማሽ ቀነሱ። እርሳቸው በ2015 ቢያርፉም፣ በዘመናቸው ሥራው የተጀመረው 'ስዊች' በ2017 ገበያ ላይ ውሎ ከ100 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል።

ነገር ግን ኒንቴንዶ ትዕግሥቱን የገዛው ባጠራቀመው የራሱ ገንዘብ ነው። የኬንያ አየር መንገድ እንዲህ ያለ ስንቅ የለውም። በ2017 በተደረገው የዕዳ ሽግሽግ የኬንያ መንግሥት 48.9 በመቶ ድርሻ ይዞ ለ750 ሚሊዮን ዶላር ብድር ዋስ ሆኗል። በናይሮቢ የትዕግሥት ዋጋ ከግብር ከፋዩ ኪስ ይወጣል ማለት ነው።

የአዲስ አበባው ጎረቤት

ንጽጽሩ ሁልጊዜ ወደ ኢትዮጵያ አየር መንገድ መሄዱ አይቀርም። አቶ ተወልደ ገብረማርያም ከ2011 እስከ 2022 መርተው ለአቶ መስፍን ጣሰው አስረክበዋል። ሁለቱም ለአሥርት ዓመታት በዚያው ተቋም ውስጥ ያደጉ ናቸው።

ይህ ማለት ግን መሪን ማቆየት ብቻውን ትርፍ ያመጣል ማለት አይደለም። የሚያተርፍ ድርጅት መሪውን የሚቀይርበት ምክንያት ትንሽ ነው። ከአዲስ አበባው ልምድ ጎልቶ የሚታየው ተተኪው በቤት ውስጥ መዘጋጀቱና የረጅም ጊዜ ዕቅድ ከአንዱ መሪ ወደ ሌላው መሻገሩ ነው።

ለናይሮቢ ቋሚ ተሿሚ ከመሰየም በፊት መመለስ ያለበት ጥያቄ እዚህ ላይ ነው። የዶላሩን ዕዳ ማን ይሸከማል? አክሳሪ መስመር ለመዝጋትስ አዲሱ መሪ ከፖለቲካ ጫና የሚጠብቀው ቦርድ ይኖረዋል? ለእነዚህ መልስ ሳይሰጥ የሚመጣ ስድስተኛ ሰው የሚረከበው አምስተኛው የተወውን ሒሳብ ነው።