እንቢ ያለ ጄኔሬተር

በግንቦት ወር 2011 ዓ.ም. የጊቤ ሦስት ግድብ ውሃ በመጉደሉ መብራት በፈረቃ ይታደል እንደ ነበር የምናስታውስ ብዙዎች ነን። ከዚያ ወዲህ ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቆአል፤ የማመንጨት ኃይሉም 5,150 ሜጋ ዋት ነው። ነገር ግን ኃይሉ ከምንጩ ቢትረፈረፍም ወደ ቤታችን የሚደርሰው በሽቦና በትራንስፎርመር ነውና፤ ከነዚህ አንዱ የተበላሸ እንደ ሆነ ሰፈሩ ይጨልማል። ስለዚህ በአያትም ሆነ በሌላው ሰፈር ትንሹ የቤንዚን ጄኔሬተር ከሥራ አልወጣም።

ችግሩ ግን ወራት ሙሉ በጥግ ተቀምጦ የከረመው ሞተር በተፈለገበት ሌሊት እንቢ ማለቱ ነው። ያን ጊዜ አባወራው ትከሻው እስኪዝል ገመዱን ይጎትታል። ሞተር ግን ዘይት፥ ነዳጅ፥ አየርና የእሳት ብልጭታ ካላገኘ በጉልበት አይነሣም፤ ስለዚህ የትኛው እንደ ጎደለ በተራ መመርመር ይሻላል። ምርመራውም በጧፍ ወይም በሻማ ሳይሆን በባትሪ መብራት ይሁን። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ የፈሰሰው ቤንዚን ከሆነ ግን የሚለቀም ነገር የለም።

አስቀድሞ ማብሪያው መከፈቱን ካረጋገጥን በኋላ ዘይቱን እንይ። በብዙዎቹ ጄኔሬተሮች ውስጥ ዘይት ሲጎድል ሞተሩ እንዳይነሣ የሚከለክል ጠባቂ መሣሪያ አለ። ይህ እንቢታ ብልሽት ሳይሆን ጥበቃ ነው። ደግሞም ሰፈራችን ተዳፋት የበዛበት ስለ ሆነ ጄኔሬተሩ ባዘነበለ ስፍራ ሲቀመጥ ዘይቱ ወደ አንድ ወገን ይሸሻል፤ ጠባቂውም ዘይት የጎደለ መስሎት ይከለክላል። ስለዚህ ሞተሩን በደልዳላ መሬት አኑሮ ዘይቱን መለካት ይገባል።

ሁለተኛው ነዳጁ ነው። የቤንዚኑ መክፈቻ ተከፍቶአልን? ቤንዚኑስ የመቼ ነው? ከአንድና ከሁለት ወር በላይ የቆየ ቤንዚን ኃይሉ እየደከመ፥ ሙጫ የመሰለ ዝቃጭ እያበጀ የካርቡሬተሩን ቀጫጭን ቀዳዳ ይደፍናል። መድኃኒቱ አሮጌውን ቀድቶ ማውጣት፥ ካርቡሬተሩን ማጽዳትና አዲስ መጨመር ነው።

ሦስተኛው አየር ነው። አያት ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ስለ ሆነ አየሩ ሳሳ ያለ ነው። በዚህም ምክንያት በቆላ ልክ የተሠራ ሞተር ከአየሩ ይልቅ ቤንዚኑ ይበዛበታል፤ ከጉልበቱም ሩብ ያህሉን ያጣል። የአየር ማጣሪያው በአቧራ የተደፈነ እንደ ሆነማ ጭራሽ ይታፈናል። ቾኩም ለቀዝቃዛ ሞተር ይዘጋል እንጂ ሞቅ ላለው አይዘጋም።

በመጨረሻ ካንዴላው ተፈትቶ ይታይ፤ እርሱ ብዙ ይናገራልና። ደረቅ ከሆነ ቤንዚን አልደረሰውም፤ በቤንዚን ከራሰ ነዳጁ ደርሶ አልነደደም ወይም በዝቶበታል፤ ጥላሸት ከለበሰ በደጋችን እንደሚሆነው ነዳጅ በዝቶበት ኖሮአል። ጠርጎና አድርቆ መመለስ፥ ያረጀም ከሆነ መለወጥ ነው። ከዚህ ሁሉ በኋላ እንቢ ቢል የባለሙያ ሥራ ነው።

ሞተሩ ሲነሣ ግን ከሁሉ የሚበልጠው ጥንቃቄ ይጀምራል። ክረምት ሲሆን ዝናብ እንዳይነካው ብለው ወደ በረንዳ፥ ወደ ደረጃ ሥር ወይም ወደ ጥበቃ ቤት የሚያስገቡት አሉ። ከማርሚታው የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የሌለው መርዝ ነው፤ የተኛውን ሰው ሳይነቃ ይገድላል። መስኮት መክፈትም አይበቃም። ስለዚህ ጄኔሬተሩ ከቤት ውጭ፥ ከበርና ከመስኮት ርቆ፥ ማርሚታውም ወደ ሜዳ ዞሮ ይቀመጥ፤ ዝናብ ቢኖርም ዙሪያው ክፍት በሆነ ጣራ ሥር ይሁን። ራስ ምታት፥ ማዞርና ማቅለሽለሽ የተሰማው ሰው ቢኖር ቤተ ሰቡ ሁሉ ፈጥኖ ወደ ውጭ ይውጣ፤ ወደ ሐኪምም ይሂድ።

በወር አንድ ጊዜ ሩብ ሰዓት ያህል ማስነሣት፥ ሳይሠራም የሚከርም ከሆነ ቤንዚኑን አውጥቶ ማስቀመጥ ከእንቢታው ያድናል። ቦታው ካልተመቸ ግን ሞተሩን ትቶ በጨለማ ማደር ይሻላል፤ ጨለማ ያደረበት ቤት ሲነጋ ይነቃልና።