160ን ማን አስተካክሎ ያነበዋል?

ለሁለተኛ ዲግሪ ወደ አሜሪካ የሚያመለክት ኢትዮጵያዊ ምሩቅ የጂአርኢን ፈተና ተፈትኖ በእንግሊዝኛውም በሒሳቡም 160 ቢያመጣ፣ ቤተሰቡም ጓደኞቹም ሁለቱን ውጤቶች እኩል አድርገው ያያሉ። እኩል አይደሉም። መለኪያው ለሁለቱም ከ130 እስከ 170 ይሁን እንጂ፣ በቅርብ ዓመታት በእንግሊዝኛው 160 ያገኘ ሰው ከአምስት ተፈታኞች አራቱን ሲበልጥ፣ በሒሳቡ ያንኑ ያገኘ ግን ከመሀል ብዙም አይርቅም። ከቻይናና ከህንድ በብዛት የሚፈተኑት የምህንድስናና የኮምፒውተር ተማሪዎች ሒሳቡን ጠንቅቀው ስለሚሠሩት ከላይ ያለው ቦታ ተጨናንቋል።

የውጤቱ አወጣጥም ብዙዎች እንደሚያስቡት አይደለም። በእያንዳንዱ ትምህርት ተፈታኙ መጀመሪያ 12 ጥያቄዎች ይሠራል። ኮምፒውተሩ አሠራሩን አይቶ ቀጣዮቹን 15 ጥያቄዎች ከበድ ወይም ቀለል አድርጎ ያመጣለታል። በመጨረሻ በትክክል የተመለሱት ተቆጥረው፣ የጥያቄዎቹ ክብደት ታስቦ ወደ መለኪያው ይቀየራሉ። ስለዚህ እኩል ጥያቄ የመለሱ ሁለት ሰዎች የተለያየ ውጤት ይዘው ሊወጡ ይችላሉ። ለስህተት የሚቀነስ ነጥብ ስለሌለ ጥያቄን ባዶ መተው ኪሳራ ነው። ፈተናው የማይራራበት ቦታም አለ፦ ከስድስት ቃላት ሁለት ምረጡ በሚለው ጥያቄ አንዱን አግኝቶ ሌላውን የሳተ ምንም አያገኝም።

ፈተናው የድርሰት ክፍልም አለው፤ እሱ ከ0 እስከ 6 ይታረማል። አንድ ሰውና ኢ-ሬተር የተባለ የኮምፒውተር ፕሮግራም ያርሙታል፤ ከተቀራረቡ አማካዩ ይወሰዳል፣ ከተራራቁ ሁለተኛ ሰው ገብቶ የሁለቱ ሰዎች አማካይ ይያዛል።

ይህን ያህል ጥንቃቄ የተደረገበት ቁጥር ዩኒቨርሲቲ ሲደርስ የሚገጥመው አነባበብ ያሳዝናል። ፈተናውን የሚያዘጋጀው ኢቲኤስ ራሱ ውጤቱ ሁለት ነጥብ ገደማ ወደላይም ወደታችም ሊል እንደሚችል በጽሑፍ ያሳውቃል፤ በዚህ ውጤት ብቻ መቁረጫ ነጥብ እንዳይደረግም ይመክራል። በ164 እና በ165 መካከል ያለው ልዩነት በዚሁ የስህተት ወሰን ውስጥ ነው። 165 ያልሞላውን ሰው ማመልከቻ ሳይከፍቱ የሚጥሉ የትምህርት ክፍሎች በተማሪው ላይ ግልጽ በደል ይፈጽማሉ። የመፈተኛው ክፍያ በአብዛኛው ዓለም 220 ዶላር ነው። ደመወዙን በብር ለሚቀበል ጀማሪ መምህር ይህ ገንዘብ የወራት ቁጠባ ነው፤ በአንድ ነጥብ የተጣለ ሰው ደግሞ ያንኑ እንደገና ይከፍላል።

የትምህርት ክፍሎቹ ቢያንስ ከነጥቡ ጎን የሰፈረውን የመቶኛ ደረጃ፣ ማለትም ተፈታኙ ከሌሎቹ ስንት በመቶውን እንደበለጠ፣ ማንበብ አለባቸው። አመልካቹም የሚያደርገው አለ። ውጤቱ 5 ዓመት ያገለግላል፤ ደጋግሞ የተፈተነ ሰው የተሻለውን ቀን ብቻ መርጦ መላክ ይፈቀድለታል። ከ2020 ወዲህ ደግሞ ብዙ የትምህርት ክፍሎች ፈተናውን ከመስፈርታቸው አውጥተውታል ወይም ለአመልካቹ ምርጫ ትተውታል። ስለዚህ ከመመዝገቡ በፊት ለሚያመለክትበት ክፍል ኢሜይል ልኮ ውጤቱን ይፈልጉት እንደሆነና መቁረጫ ነጥብ እንዳላቸው ቢጠይቅ፣ ምናልባት ያ 220 ዶላር ከኪሱ ላይወጣ ይችላል።