ትከሻዋን ተዉላት

ባለፈው ዓመት ግንቦት ላይ፣ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት አካባቢ፣ የቲማችን ቴሌግራም ግሩፕ ላይ አንድ ፖስት ገባ። የአንዲት ጭቃ የለበሰች ብስክሌተኛ ፎቶ ነው፤ ከሥሩ «ትከሻዋ ተሰብሮ በአንድ እጇ ዋኝታ አሸነፈች። ያንተ ምክንያት ምንድን ነው?» ይላል። የላከው ቲም ሊዳችን ነው። ሪሊዙ አራት ቀን ቀርቶታል። እኔ ደግሞ የቀኝ እጄ አንጓ አብጦ ማውዝ መያዝ ካቃተኝ ሳምንት አልፎኛል።

ምን አደረግኩ? የእሳት ስቲከር ላክሁ። ከዚያ በግራ እጄ ብቻ ኮድ መጻፍ ቀጠልኩ።

ይህን የምጽፈው በዚያ ስቲከር ስላፈርኩ ነው።

ሴትዮዋ ሌስሊ ፓተርሰን ትባላለች። ስኮትላንዳዊት የኦፍ-ሮድ ትራያትሎን ፕሮፌሽናል ናት። ስፖርቱን ለማታውቁት፦ መጀመሪያ 1.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ዋና፣ ቀጥሎ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ በጭቃና በድንጋይ ላይ የተራራ ብስክሌት፣ መጨረሻ ላይ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ የጫካና የዳገት ሩጫ። ሦስቱም ሳይቋረጥ። የስፖርቱ ትልቁ ስም ኤክስቴራ ነው። የዓለም ሻምፒዮናው ከ1996 ጀምሮ በሃዋይዋ ማዊ ደሴት ሲካሄድ ኖሮ በ2022 ወደ ጣሊያን ሞልቬኖ ተዛወረ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው)። ሌስሊ በ2011፣ በ2012 እና በ2018 ይህን ውድድር አሸንፋለች።

የትከሻው ታሪክም እውነት ነው። እሷና የጽሑፍ አጋሯ ኢያን ስቶኬል የኤሪክ ማሪያ ሬማርክን የአንደኛው የዓለም ጦርነት ልብ ወለድ ወደ ፊልም የመቀየር መብት በ2006 ያዙ። እንዲህ ያለ መብት እንደ ቤት ኪራይ ነው፤ በየጊዜው ካልከፈልክ ያመልጥሃል። ከምትከፍልበት ገንዘብ አንዱ ደግሞ የውድድር ሽልማቷ ነበር። ታዲያ አንድ ዓመት ኮስታ ሪካ ላይ፣ ውድድሩ ሊካሄድ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ከብስክሌት ወድቃ ትከሻዋ ተሰበረ። መብቱን የምታድስበት ገንዘብ ደግሞ ያስፈልጋታል። በማግስቱ በአንድ እጇ ዋኘች፤ ከኋላ ተነስታ በብስክሌትና በሩጫ ደረሰችባቸው፤ አሸነፈች። ፊልሙ በ2022 ወጣ። በ2023 አራት ኦስካር አገኘ፤ እሷም ከስቶኬልና ከዳይሬክተሩ ኤድዋርድ በርገር ጋር በፊልም ጽሑፉ የባፍታ ሽልማት ወሰደች።

ደስ የሚል ታሪክ ነው። እኔ የምጣላው ከታሪኩ ጋር አይደለም። የምጣላው አንዱን ቀን ቆርጠው አውጥተው በሌላ ሰው ላይ እንደ ጅራፍ ከሚያጮኹት ጋር ነው።

አንድ ፕሮፌሽናል አትሌት የውድድር ዘመኑን መለስ ብሎ ሲያይ አንድ ቀን ብቻ አያይም። ያቋረጠውን ውድድር፣ የታመመበትን ሳምንት፣ የፈነዳውን ጎማ፣ ለአውሮፕላን ቲኬት ያወጣውን ብር ሁሉ ነው የሚቆጥረው። የሌስሊን ዓመቶች ደግማችሁ እዩዋቸው፦ 2011፣ 2012፣ ከዚያ 2018። መሃል ላይ ስድስት ዓመት አለ። በ2013 የኒው ዚላንዷ ኒኪ ሳሙኤልስ አሸነፈች፤ ከ2014 እስከ 2017 ድረስ ደግሞ የቤርሙዳዋ ፍሎራ ዳፊ ማንንም አላስጠጋችም። ሌስሊ ራሷ ላይም በሽታው ጉዳቱ ተፈራርቆባታል፤ ላይም በሚባል ሕመም መያዟንም በይፋ ተናግራለች። እነዚያ ዓመታት ፖስቱ ላይ የሉም። እኛ ዘንድ የተሳካውን ብቻ የሚመዘግብ፣ የወደቀውን ግን የሚውጥ ሎግ ብትጽፍ በማግስቱ ያስጠፉሃል። ሕይወታችንን ግን በእንዲህ ዓይነት ሎግ እንድንመራ ይመክሩናል።

ሌላው ነገር፦ በአንድ እጅ መዋኘት ተአምር አይደለም። ዋናተኞች ቴክኒካቸውን ለማስተካከል ሆን ብለው በአንድ እጅ ይለማመዳሉ። ውሃው ውስጥ የገባችው የዓለም ሻምፒዮን ናት፤ በዓመታት ልምምድ የተገነባ ሰውነት ይዛ። ባሏ ደግሞ የስፖርት ሳይኮሎጂስት ነው። ያንን ሁሉ ደምስሶ «ወኔ ነው እንጂ ሌላ አይደለም» ማለት እሷንም መስደብ ነው።

ከሁሉም በላይ የሚያናድደኝ ግን ይሄ ነው። ትከሻው የሷ ነው። መጽሐፉን ፊልም የማድረግ ሕልሙም የሷ ነው። አትወዳደሪም ብላ ብትተወው የምታጣው የራሷን ነገር ነው፤ ስለዚህ የመወሰን መብቱም የሷ ነው። የእኔ አንጓ የተቃጠለው ግን ለማን ነው? እኔ ድርሻ ለሌለኝ ድርጅት፣ እኔ ላልመረጥኩት ቀን። ሰው ለራሱ ሕልም የከፈለውን ዋጋ አንስተህ ለቅጥረኛህ የሥራ ዝርዝር ስታደርገው ስሙ ሞቲቬሽን አይደለም። በነጻ ማሠራት ነው።

ሙያችን እኮ ከስፖርት ቃል ተውሷል። የሁለት ሳምንት የሥራ ዙራችንን «ስፕሪንት» እንለዋለን። ዓመቱ 52 ሳምንት ነው፤ አንዱ ሲያልቅ ሌላው ስለሚቀጥል 26 ስፕሪንት ማለት ነው። በዓመት 26 ጊዜ፣ በመሃል ሳያርፍ፣ በሙሉ ኃይሉ የሚሮጥ አትሌት ካለ አሳዩኝ። የትራያትሎን ሰዎች ዓመታቸውን ይከፋፍሉታል፦ መሠረት የሚጥሉበት ወራት አለ፤ ጫና የሚጨምሩበት አለ፤ ትልቅ ውድድር ሲቃረብ ልምምድ ይቀንሳሉ፤ ዘመኑ ሲያልቅ ደግሞ ያርፋሉ። እኛ ቃሉን ወስደን እረፍቱን እዚያው ትተነው መጣን።

«ሰነፍ ስለሆንክ ነው፤ አገር እንዲህ በሚያወራ ወጣት አያድግም» የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እሺ፣ አገር ያስጠሩልንን እንጠይቅ። ጠዋት እንጦጦና ሰንዳፋ ሲሮጡ የምታዩዋቸው አትሌቶች ከሰዓት በኋላ ምን ይሠራሉ? ይተኛሉ። ቀለል ያለ ሩጫ የሚሮጡበት ቀን አላቸው፤ እግራቸውን ሲያማቸው ይታሻሉ። ለእነሱ እረፍት የልምምዱ አካል ነው።

አሁን የራሴን ዘመን ልቁጠር። ሪሊዙ በቀኑ ወጣ። በስብሰባ ላይ ስሜ ተጠርቶ ተጨበጨበልኝ፤ «ጀግና» ተባልኩ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ክፍያ ላይ ባግ ተገኘ፤ አንዳንድ ደንበኞች ሁለት ጊዜ ተቆርጦባቸዋል። ኮዱ የእኔ ነበር። ያንን ሊይዝ የሚችለውን ቴስት ዘልዬዋለሁ። ለምን እንደዘለልኩትም አውቃለሁ፤ በአንድ እጅ ለመጻፍ ረጅም ስለነበር ነው። ባጉን ያስተካከለው ሌላ ልጅ ቅዳሜና እሁዱን ሰውቶ ነው። እኔ ስድስት ሳምንት ፊዚዮቴራፒ ተመላለስኩ፤ ከኪሴ።

ይህ ግን የሚከብደኝ ክፍል አይደለም። ሐምሌ ላይ አንዲት ኢንተርን አሟት «ነገ ልረፍ ወይስ ልግባ?» ብላ ጻፈችልኝ። ያንን ፖስት ፎርዋርድ አደረግኩላት። ቀልድ መስሎኝ ነበር። ገባች። ቀኑን ሙሉ ጃኬቷን ለብሳ እየተንቀጠቀጠች ተቀመጠች። ሂጂ ያላት ሰው የለም፤ እኔም አላልኳትም። የተገረፍኩበትን ጅራፍ ተቀብዬ ለሚቀጥለው ሰው ለማቀበል ሁለት ወር ነው የፈጀብኝ።

በየዙሩ መጨረሻ ግምገማ አለን፤ «ምን ጥሩ ሄደ? ምን ይሻሻል?» ይባላል። ባለፈው ሦስተኛ ጥያቄ ጨመርኩ፦ «ይህ እንዲሳካ ምን ተከፈለ? ማን ከፈለ?» ለደቂቃ ያህል ሁሉም ዝም አለ። ከዚያ ያቺ ልጅ፣ አሁን ቋሚ ሆናለች፣ «እኔ ልጀምር?» አለች።

ፖስቱ እናንተም ጋ መድረሱ አይቀርም። በሌስሊ ተደነቁ፤ ትገባታለች። ፊልሙንም እዩት። ለታመመ ሰው ግን አትላኩት። ትከሻዋን ተዉላት፤ ለራሷ ነው የሰበረችው።